በሙሽሪት ፈንታ ባልቴቷን

ጉድ የሠሩኝ ክር ልገዛ በወጣሁበት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ስድስት ጥቅል ጥቁር ሰማያዊና ሁለት ጥቅል ነጭ ክር ይዤ፣ የፌስታሉ ማንጠልጠያ ጣቴን እየበላኝ ቤት ስገባ፣ ሙሽሪት እንደወትሮዋ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ባልቴቷ ግን የለችም። ቦታዋ ላይ የቀረው የክር ብናኝና ስንት ዓመት ስፈልጋት የኖርኩ አንዲት መቀስ ብቻ ነው።

ሰው እንዳይመስሏችሁ፣ ሁለቱም የሹራብ መሥሪያ ማሽኖች ናቸው። ሙሽሪት አዲሷ ናት። ከላይዋ ወዲያና ወዲህ የሚገፋው ክፍል፣ እኛ ጋሪ የምንለው፣ በአንድ ጣት ይሄዳል። በቀን አንድ የተማሪ ሹራብ ታወጣልኝና የሚቀጥለውን ጀርባ ታስጀምረኛለች። ባልቴቷ ከእኔ በፊት ሦስት ሴቶች ያረጁባት ናት። ጋሪዋ መሀል ላይ ሲደርስ ይነክሳል፤ ጠረጴዛውን ከሥር በጉልበት ደገፍ ካላደረጉት አያልፍም። ከመርፌዎቿ ግማሾቹ ጎብጠዋል፤ ስለዚህ ክር ትጥላለች። ደረት ላይ የጣለችው ክር ደግሞ እየተተረተረ እስከ ወገብ ይወርዳል። ከሙሽሪት ወዲህ ባልቴቷን ያቆየኋት ቸኩዬ እጅጌ ለመጨረስ ያህል ነው።

ለስለት የተሰጠችው ሙሽሪት ነበረች። የሄደችው ባልቴቷ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ቤት ቀቢ ነው። ከአራት ወር በፊት ሆዱን አመመውና ነፋስ ነው፣ ያልፋል አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ነፋስ ነው ሲል ትርፍ አንጀቱ ሆዱ ውስጥ ፈነዳ። ቀደዱት፣ አጠቡት፣ ሰፉት። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ፣ የሚቻለንን አድርገናል፣ እንግዲህ እንጠብቅ አለኝ። የእኔ ትምህርት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው። ግን ሐኪም «እንጠብቅ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ በላይ መማር አያስፈልግም።

ክፍሉ ስድስት አልጋ ነበረው። አማቴ ራስጌው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል፣ እኔ ግርጌው ቆሜያለሁ። ስለቴን ድምፄን አውጥቼ ተሳልኩ። ድምፄን ያወጣሁት ራሴን ስለማውቅ ነው፤ በሆዴ ብሳል ኖሮ ነገ ከነገ ወዲያ ከራሴ ጋር መከራከር እንደምጀምር አውቃለሁ።

«ጌታዬ፣ ይህን ሰው በእግሩ ካቆምክልኝ ሙሽሪትን ለሴቶቹ ቤት እሰጣለሁ» አልኩ።

ሐና ልጅ አጥታ ስታለቅስ፣ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አይቶ ካህኑ ሰክራለች አላት ይባላል። እኔን ደግሞ የሚቀጥለው አልጋ በሽተኛ፣ ሙሽሪት የምትባል ልጄን አሳልፌ የምሰጥ መስሎት እንባው መጣ። ማሽን ናት ብዬ ላስረዳው ጊዜ አልነበረኝም። ባለቤቴ ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ እንደምንም አላቅቆ «አሜን» አለ። አማቴም አሜን አሉ።

የሴቶቹ ቤት ከሰፈራችን በላይ ያለ ግቢ ነው። ባሎቻቸው ያባረሯቸው፣ ከእስር የወጡ፣ መግቢያ ያጡ ሴቶች ሙያ ይማሩበታል። ሹራብ የሚማሩት ስድስት ነበሩ፤ ማሽናቸው አንድ። አንዷ ስትሠራ አምስቱ ተራ ይጠብቃሉ። ከዚያ ወዲያ ለማን ልስጥ?

በስምንተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳ እየያዘ ቤቱ ገባ።

ከዚያ መጎተት መጣ። መጀመሪያ ባለቤቴ ቁስሉ ይዳን አለ። ቁስሉ ዳነ። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ የሹራብ ትዕዛዝ ይለቅ አለ። ገና መሰላል መውጣት ስላልተፈቀደለት የምንበላው ከሙሽሪት ላይ ነው፤ እሱ እውነት ነው። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በጎተተ ቁጥር ፊቴን አኮሳትሬ እሺ እል ነበር። ፊቴ ይኮሳተር እንጂ ልቤ ቀለል ይለው ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት ወር ሄደ። አንድ ቀን ጋሪውን ስገፋ ግን የሰው ዕቃ ሳላስፈቅድ ይዤ የምሠራ መሰለኝና እጄ ቆመ። ያኔውኑ ተነሥቼ የሴቶቹ ቤት ድረስ ሄድኩና ዓርብ ማሽን አመጣላችኋለሁ አልኳቸው።

ባለቤቴ ዓርብን አልጠበቀም። ማክሰኞ ገበያ መውጣቴን አይቶ ከወንድሙ ጋር ፒካፕ ጠርተው ባልቴቷን ጫኗት።

ይህን ወንድሙን ሰፈሩ ጠቅሶ አደር ይለዋል። ሌላው ሠርቶ ሲያድር እሱ ጥቅስ ጠቅሶ ያድራል። ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣና እንግዳ ስለ መቀበል ይጠቅሳል፤ እስቲ ይህን ዕቃ አንሣልን ሲሉት ስለ ዕረፍት ቀን ይጠቅሳል። ያን ቀን ግን ማሽን የሚያህል ብረት ተሸክሞ ወጣ። ለእንዲህ ያለው ሥራ ሲሆን ወገቡን አያመውም።

ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነበር የጠበቀኝ። ስለትሽን አድርሼልሻለሁ አለኝ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። ሴቶቹም ደስ ብሏቸው እልል አሉ አለኝ። ባልቴቷ ናት እኮ የሄደችው ብዬ ብነግረው፣ አልተደናገጠም።

«ማሽን ማሽን ነው» አለኝ። «እግዚአብሔር የፋብሪካ ቁጥር ያነባል እንዴ?»

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። በሩ ላይ ቆሜ ሙሽሪትን ቦታዋ ላይ ሳያት፣ ገና ምንም ሳልናገር፣ ደስ አለኝ። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው፣ ግን ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ከመጣብኝ ንዴት ግማሹ በራሴ ላይ ነበር። ግማሹን ግን ለእሱ ሰጠሁት፤ አላጓደልኩበትም።

ዕውሩንና አንካሳውን በግ ወደ መሠዊያ የሚነዱ ሰዎችን የተቆጣ ነቢይ ነበር። እስቲ ይህን ለገዢያችሁ ውሰዱለት፣ ፊቱ ይፈታ እንደሆነ እናያለን ብሏቸዋል። በጸሎት ቤት ሲነበብ የሰማሁት ነው፤ አልረሳሁትም። የእኛ ገዢ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነው። ያ ሰው ሹራብ ሲረከብ እያንዳንዱን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ በብርሃን ያያል፣ ስፌቱ ውስጥ ጣቱን ይከታል። ባለቤቴ ለእሱ ሹራብ ሲያደርስ የተንጠለጠለች ክር ካየ በጥርሱ ቆርጦ ነው የሚሰጠው። ይህንኑ ነገርኩት። ለርዕሰ መምህሩ የተተረተረ ሹራብ ትወስድለታለህ ወይ አልኩት። ሻዩን ፉት አለ። ሻይ ፉት የሚልበትን ምክንያት ካወቅሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ መልስ የለኝም ማለት ነው።

በማግስቱ ወደ ሴቶቹ ቤት ሄድኩ። ልወቅስ አልነበረም፤ ምን እንደሰጠናቸው በዓይኔ ልይ ብዬ ነው። አሠልጣኟ ቀጭን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። እትዬ፣ ምን ብለን እንደምናመሰግንዎ አጣን አለች። ባልቴቷን ጥሩው ቦታ ላይ፣ ብርሃን የሚገባበት ጥግ አቁመዋታል። ዘይት ቀብተው ወልውለዋታል። ከላይዋ ግድግዳው ላይ በካርቶን የተጻፈ ምስጋና ለጥፈዋል፤ ስሜ አለበት። ፊደል ስቆጥር አግኝቼው ፊቴ ጋለ።

ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው ልጅ እግር ናት፤ ጋሪው ሲነክስባት በሁለት እጇ ትገፋዋለች፣ መዳፏ ቀልቷል። ጭኗ ላይ ያለው ሥራ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። እሷ ግን የምታፍረው በራሷ ነው። ይቅርታ እትዬ፣ እጄ ገና አልለመደም አለችኝ። ዕቃዎን እንዳላበላሽብዎ ፈራሁ አለችኝ።

እንግዲህ ይህን ስሙ። የሰጠኋት አሮጌ ብረት ነው፣ እሷ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እኔ ምን አደረግሁ? እውነቱን እንደመናገር፣ አጠገቧ ተቀምጬ ጠረጴዛውን ከሥር በጉልበት እንዴት እንደሚደግፉት አሳየኋት። ስወጣ በሩ ላይ መረቁኝ። ምርቃቱን እንደ ተሰረቀ ዕቃ ብብቴ ሥር ይዤው ቤቴ ገባሁ።

ቤት ገብቼ ሙሽሪትን አንሶላ አለበስኳትና ዙሪያዋን አሰርኩት። የእኔ ያልሆነ ነገር ላይ አልቀመጥም አልኩ። ባለቤቴ ለአንድ ቀን ነው ብሎ ተወኝ። ሐሙስ አልሠራሁም። ዓርብ አልሠራሁም። የትምህርት ቤቱ ክር ፌስታሉ ውስጥ እንዳለ ተቀመጠ። ሦስተኛው ቀን ላይ ወንድሙን አስጠራ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠቅሶ አደር መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍኖ፣ በብብቱ ይዞ መጣ። አማቴም አብረውት መጡ። ወንበር አልበቃ ብሎን ባለቤቴ የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ጠቅሶ አደር ጉሮሮውን ጠረገ። ምልክት አድርጎ ኖሯል፣ ወዲያው ገለጠው። ከኦሪት ነው። ባል ያላት ሴት ስእለት ብትሳል፣ ባሏ ሰምቶ ከከለከላት ስእለቷ ይፈርሳል፣ እሷም አይያዝባትም የሚል ነው። በሚያምር ድምፅ አነበበው፤ ድምፅስ አለው። ሲጨርስ ጣቱን ገጾቹ መሀል እንዳደረገ መጽሐፉን ዘጋው።

«እንግዲህ ዋርሳዬ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አለኝ። «ባልሽ ከልክሏል። ነፃ ነሽ። ደስ ሊልሽ ይገባል።»

ባለቤቴ ባልዲው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ቀጥልና አንብብ አልኩት ወንድምየውን። ዋናው ይኸው ነው አለ። የቀረውስ አልኩ። የቀረው ያው ማብራሪያ ነው አለ። እጄን ዘረጋሁ። መጽሐፉን ላለመልቀቅ ትንሽ ያዝ አደረገው፤ አማቴ ስጣት አሉት።

ጣቴን ከሥር እያስኬድኩ፣ እንደ ሕፃን ፊደል እየለቀምኩ አነበብኩ። ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ጠቅሶ አደር መሀል ላይ ልርዳሽ ብሎ አንገቱን ሲያሰግግ ተው አልኩት። ያነበበልኝ ቦታ ላይ «በሰማበት ቀን» የሚል አለ፤ እሷን ቃል እንደ ዓሣ እሾህ ለቅሞ አውጥቷታል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ባልየው ሰምቶ ዝም ካላት ስለቷ ይጸናል ይላል። አልፎም፣ ከቆየ በኋላ ላፍርሰው ቢል የእሷን ኃጢአት እሱ ይሸከማል ይላል። እነዚህ ሰዎች እንዲህ ናቸው። ለሴት ሲያነቡ ግማሽ ነው የሚያነቡት፤ ግማሹን ለራሳቸው ያስቀሩታል።

መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ስለቴን በሰማህበት ቀን ምን አልክ አልኩት። ትኩሳት ላይ ነበርኩ፣ አላስታውስም አለ። ወንድሙ ይህንኑ ቀበል አድርጎ፣ በሕመም ላይ ያለ ሰው ቃል እንደ ቃል አይቆጠርም ማለት ጀመረ። ለእሱም ጥቅስ ሳይኖረው አይቀርም ነበር፤ ግን አማቴ አላስጨረሱትም። እኚህ ሴት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በልጃቸው ላይ ፈርደው አያውቁም። ምግብ ባቃጥል እኔ ነኝ፣ እሱ ቢያቃጥል ምድጃው ነው።

«አሜን ብለሃል» አሉት። «አጠገብህ ነበርኩ። እኔም ብያለሁ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ—»

«አንተ የእሷን ታፈርሳለህ እንበል። የእኔን አሜን ማን ሊያፈርስልኝ ነው? አባትህ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው፣ ባል የለኝ።»

ጠቅሶ አደር ስለ መበለቶች የሚል ነገር በከንፈሩ ፈልጎ አጣው መሰለኝ፣ ኮፍያውን አንሥቶ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ። ሥራ አለብኝ ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ከመቸኮሉ የተነሣ መጽሐፉን እኔ ጉልበት ላይ ትቶት ሄደ።

ባለቤቴም ተረታ። ሰኞ ሙሽሪትን እንወስዳለን፣ ባልቴቷን እንመልሳለን፣ በባልቴቷ እየሠራሽ እንደምንም እንኖራለን አለ። እኔም በዚህ ተስማማሁ። መርፌዎቿን አንድ በአንድ ብለውጥላት፣ ጋሪዋንም የሚያቃናልኝ ሰው ባገኝ፣ በሁለት ቀን አንድ ሹራብ ታወጣለች ብዬ በልቤ አስልቼ ነበር። ለአሠልጣኟም ስልክ ደውዬ ነገርኳት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ያንን መጽሐፍ አነሣሁት። ያን ያህል ዘመን ሰው ሲያነብልኝ ኖሬ፣ ስንቱን ነገር አስቀርተውብኝ ይሆን የሚል እልህ ያዘኝ። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ስለ ስእለት የሚል ቃል ባየሁበት ሁሉ ጣቴን አስቀምጬ አነብባለሁ። እንዲህ እያልኩ አንድ ቦታ ደረስኩ። ለእግዚአብሔር የተለየ እንስሳ አይለወጥም ይላል፤ መልካሙ በክፉ፣ ክፉውም በመልካም አይለወጥም። ደፍሮ የለወጠ ሰው ካለ ግን፣ የመጀመሪያውም ልዋጩም ሁለቱም የተቀደሱ ይሆናሉ ይላል።

ዘጋሁት። ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ። ተመልሼ ገለጥኩትና ፊደል ስቼ እንደሆነ ብዬ እንደገና ለቀምኩት። አልሳትኩም። ለባለቤቴ ሰጠሁት፣ እሱ ከእኔ ይሻላል፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። አንዴ አነበበ። እንደገና አነበበ።

«ይህ ስለ ከብት ነው» አለኝ።

ባልቴቷ ከበሬ የምታንሰው በምንድን ነው አልኩት። በሬ ያርሳል፣ እሷም እስከ ጎበጠች ድረስ ሹራብ ሠርታለች። ቤታችን ውስጥ ሌላ ከብት የለም፤ የምንኖረው በእነሱ ነው። ስለት ያልኩት አንዷን ነበር። አንተ ለወጥካት። አሁን ሁለቱም የእኛ አይደሉም።

ያኔ ነው የተቆጣው። ከሕመሙ ወዲህ እንዲያ ሲቆጣ አላየሁትም። አብደሻል አለኝ። ሰው ከራሱ ጋር እንዲህ አይጣላም አለኝ። ያዳነኝ ሐኪሙ ነው፣ የቀደደኝም የሰፋኝም እሱ ነው፣ ማሽን ያዳነው ሰው የለም አለኝ።

«ሐኪሙን አመሰገንከው?» አልኩት።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን በደጁ አለፍክ? ሰባት ሌሊት ያገላበጠችህን ነርስ እግዜር ይስጥልኝ ብለሃታል? ለእግዚአብሔር ሲሉህ ሐኪሙ ነው ትላለህ፤ ለሐኪሙ ሲሉህ ደመወዙን ይበላል ትላለህ። ታዲያ ማንን ነው የምታመሰግነው? ነው ወይስ ነፋስ ነበር፣ አለፈ?»

ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው፤ ሲጨንቀው እንዲያ ማድረግ ልማዱ ሆኗል። ቆይቶ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ታዲያ ምን እንበላለን አለኝ። ባትለውጣት ኖሮ ባልቴቷ ትቀርልን ነበር አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም ይሆናል። ግን እውነት ነው፣ አልኩት።

አማቴ ሲሰሙ አዘኑ። ልጄ፣ እግዚአብሔር እንዳንቺ ግትር አይደለም አሉኝ። ላይሆን ይችላል እማማ፣ የተሳልኩት ግን እኔ ነኝ አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ፒካፑ መጣ። ጠቅሶ አደር የወገብ ሕመሙ ተመልሶበታል አሉ፣ አልመጣም። ባለቤቴ አንዱን ጫፍ ላንሣ ሲል አይሆንም አልኩት፤ ስፌቱ ቢፈታ ሌላ ስለት የምሳልበት ዕቃ የለኝም። ሙሽሪትን ከሾፌሩ ጋር ጫንናት። እሱ የመርፌውን ሣጥንና የቀረውን ክር ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። ስለ ባልቴቷ ምን ሊል እንዳሰበ አላወቅሁም፤ እዚያ ደርሶ ጫኑልኝ ቢል በሰው ፊት ልጣላው ተዘጋጅቼ ነበር።

አሠልጣኟ ባልቴቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሩ ላይ አቁማት ጠበቀችን። ሴቶቹ ሙሽሪትን ሲያወርዱ አንዷ ጋሪውን በጣቷ ነካ አደረገችውና ሲንሸራተት አይታ ሳቀች። ያቺ መዳፏ የቀላው ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ቀስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጇን መርፌዎቹ ላይ አሳረፈች። ሾፌሩ ባልቴቷን ለመጫን ሲጎነበስ ተዋት አልኩት። ወደ ውስጥ ትመለስ አልኳቸው።

አሠልጣኟ ግራ ገባት። «እትዬ፣ ይህማ ልክ አይሆንም» አለችኝ። «እርስዎ በምን ሊሠሩ ነው?»

ሕጉን ላስረዳት አፌን ስከፍት ባለቤቴ ከፒካፑ ወረደ። ሣጥኑን እንደያዘ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ዞር ብለው አዩት። እሱ ሰው ፊት መናገር አይችልም፣ የራሳችን ሠርግ ላይ እንኳ የተናገረለት ወንድሙ ነው።

«የለወጥኳት እኔ ነኝ» አለ። «የተሰጠቻችሁ አዲሷ ነበረች። እሷ ክር ልትገዛ ስትወጣ አሮጌዋን ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ። ሞቼ ነበር፣ ተነሣሁ፣ ይህን አደረግሁ። አሁን ሁለቱም የእናንተ ናቸው።»

ሣጥኑን አሠልጣኟ እጅ ላይ አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። የካርቶኑ ምስጋና ላይ የእሱንም ስም እንጨምር ሲሉ አይ፣ ይልቅ የእኔንም አንሡልኝ አልኳቸው፤ አላነሡትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አራት ወር ሙሉ ከአፉ ላወጣ ስታገል የከረምኩት ነገር ነው። እኔ ግን ያሰብኩት፣ ይህችን ታህል ቃል ለመናገር ሁለት ማሽን መሄድ ነበረበት ወይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ይህ ነው። ርዕሰ መምህሩ ትዕዛዙን ከእኔ ወስዶ ለሌላ ሰጠ። ይስጥ። እኔ በሁለት የእጅ መርፌ እሠራለሁ፤ አንድ ሹራብ ስምንት ቀን ይፈጃል፣ ትከሻዬን ያመኛል። ባለቤቴ ሥራ ጀምሯል። እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ስፌቱ ስለሚስበው ግድግዳውን እስከ ትከሻው ድረስ ብቻ ይቀባል፤ የላዩን ሌላ ሰው ይጨርስለታል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በሐኪም ቤቱ በኩል ዞሮ መጣ። ምን አልካቸው ብዬ ብጠይቀው ሻዩን ፉት አለ፣ እኔም አልገፋሁበትም። ጠቅሶ አደር ግን ሴትየዋ በግትርነቷ ወንድሜን አስራበችው እያለ ሰፈሩን እየዞረ ነው፤ በጥቅስ። መጽሐፉን ልኬለታለሁ። ግማሹን ያነበበው ቦታ ላይ የክር ቁራጭ አድርጌበታለሁ፣ ቢጨርሰው ብዬ።

ትናንት የክር ሻጩ ጋ አብረን ገብተን ሰውየው ማሽኖቻችሁ የት ሄዱ ብሎ ጠየቀን። ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ሰጠናቸው አለ። ሰጠናቸው። ቤት ገብተን እሱ ጥቅሉን በሁለት እጁ ወጥሮ ሲይዝልኝ፣ እኔም ክሩን ሳድበለብል፣ ማን ነው የሰጠው አልኩት። ሙሽሪትን አንቺ ሰጠሽ አለኝ፣ ተረጋግቶ።

«ባልቴቷን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። ከነሕመሜ ተሸክሜ።»

የማድበለብለውን አስቀምጬ አየሁት። አልሳቀም። ይህን ሰው ነው እንግዲህ ተስዬ ያስነሣሁት። ደግሞ ቢያስቡት እውነቱን ነው፣ እኔን ያናደደኝም እውነት መሆኑ ነው።